የጫቱን ቀን የሚቆርጠው ማን ነው?

ጤፍ ሲደርስ ማሳው ቢጫ ይሆናል። ቡና ሲደርስ ፍሬው ይቀላል፤ በጣና ዳርቻ በዘጌ ደን ውስጥ የለቀማው ጊዜ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ጫት ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት የለውም። ገበያ የሚፈልገው ፍሬውን ሳይሆን ለጋ ቀንበጡን ስለሆነ «ደረሰ» የሚባልበትን ቀን ተፈጥሮ ብቻዋን አትወስነውም። በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት የሚያለማ ገበሬ ማለዳ ማለዳ ለራሱ የሚያቀርበው ጥያቄ «ዛሬ ልቁረጥ ወይስ ልቆይ?» የሚል ነው። የዓመት ገቢው በአብዛኛው የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ቀኑን የሚቆርጠው ሁልጊዜ ገበሬው አይደለም። አንዳንዴ የጉድጓዱ ውሃ፣ አንዳንዴ ነጋዴው፣ አንዳንዴም የመኪና መንገዱ ይቆርጥለታል።

ዓይንና እጅ

ልምድ ያለው ገበሬ በመጀመሪያ የሚያየው የቀንበጡን ጫፍ ነው። አዲስ የወጣው ቅጠል የሚያብረቀርቅ፣ ቀላ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲሆን፣ እንጨቱም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ለቆረጣ ቀርቧል ማለት ነው። ቅጠሉ ጠቁሮ ከወፈረ፣ እንጨቱም ሲታጠፍ እንደ ልጥ ከተለጠጠ ጊዜው አልፎበታል። ያን ጊዜ ገዢው ዋጋ ይሰብራል፤ ወይም ገራባ ነው ብሎ ጥሎት ይሄዳል።

ከዚህ ልማድ ጀርባ ሳይንስም አለ። የጫት ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ሲሆን ማንነቱ የታወቀው በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በለጋው ቅጠል ውስጥ ነው። ቅጠሉ ሲያረጅ ወይም ተቆርጦ ሲደርቅ ካቲን ወደተባለ ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ «ለጋ» የሚለው የገበያ ቃል ስለ መልክ ብቻ የሚናገር አይደለም፤ ቃሚው የሚከፍለው ለዚያው ለጋነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕፀ ፋሪስንና መሰል አደንዛዥ ዕፆችን ማልማትን በወንጀልነት ይቀጣል። ጫት ግን በአገሪቱ በሕጋዊ መንገድ ይለማል፣ ይሸጣል፣ ለውጭ ገበያም ይቀርባል። በ2013 በጀት ዓመት ከጫት ወጪ ንግድ የተገኘው ገቢ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የዚህ ገቢ ዋና ምንጭ ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው የምሥራቁ ጫት ነው። የባሕር ዳር ዙሪያ ገበሬ በዋናነት የሚያየው የአገር ውስጡን ገበያ ነው።

ውሃ ያለው ቀን ይመርጣል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው የሮቢት ባታ ቀበሌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ አካባቢ ገበሬዎች በእጅ በቆፈሯቸው ጉድጓዶች በዋናነት ጫትና ጌሾ ያጠጣሉ። የጉድጓድ መስኖው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንና የዓለም አቀፉን የውሃ ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ወደ ቀበሌው የሳበ ነው።

ጉድጓዱ ለገበሬው ውሃ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ጊዜም ይሰጠዋል። በክረምት ዝናቡ ለሁሉም እኩል ስለሚዘንብ የሁሉም ጫት በአንድ ላይ ያቆጠቁጣል፤ አቅርቦቱ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በበጋ ግን ውሃ የሌለው ማሳ ዝም ይላል። ጉድጓድ ያለው ገበሬ ያን ጊዜ ማሳውን ሲያጠጣ ቀንበጡ ሌላው ባዶ እጁን በሆነበት ሰሞን ይወጣል።

ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ይያዙና፣ አንድ ገበሬ በሐምሌ 100 እሥር ቆርጦ አንዱን በ50 ብር ቢሸጥ 5 ሺሕ ብር ያገኛል። ይኸው ገበሬ በመጋቢት 60 እሥር ብቻ ቆርጦ አንዱን በ150 ብር ቢሸጥ ግን 9 ሺሕ ብር ይይዛል። ምርቱ በ40 እሥር አንሶ ገቢው በ4 ሺሕ ብር ይበልጣል። ከዚህ ላይ የውሃ መቅጃ ጉልበትና የሌሊት ጥበቃ ወጪ ይቀነሳል። የሌሊት ጥበቃው ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ለቆረጣ የደረሰ ጫት የሌባ ዓይን አያጣም።

መቆየት ግን ገደብ አለው። በጋው እየጠነከረ ሲሄድ የጉድጓዱ ውሃ ወደ ታች ይሸሻል። ዋጋው ገና ይጨምራል ብሎ የጠበቀ ሰው ጉድጓዱ ቀድሞት ሊደርቅ፣ ቀንበጡም በእጁ ላይ ሊጠነክር ይችላል።

በቁሙ የተሸጠ ማሳ

ጉድጓድ የሌለው፣ ወይም ለማዳበሪያና ለልጆች ትምህርት ቤት ጥሬ ብር የቸገረው ገበሬ ሌላ መንገድ አለው። ጫቱን ሳይቆርጥ በቁሙ ይሸጣል። ነጋዴው ወይም ደላላው ማሳውን ዞሮ በዓይኑ ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ቀብድ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የመቁረጫውን ቀን የሚወስነው ነጋዴው ነው።

በዚህ ውል ገበሬው የዋጋ መውረድን ሥጋት ያራግፋል። ከሥጋቱ ጋር ግን የዋጋ መጨመርንም ዕድል አብሮ ይሰጣል። ነጋዴው የከተማውን ዋጋ በስልክ እየጠየቀ ገበያው የሚሞቅበትን ሰሞን ይመርጣል፤ ገበሬው ያለው መረጃ የትናንቱ ነው። በገበሬው በኩል ሌላም ድካም አለ፤ የሚያለማውን ጫት ራሱ የማይቅም ብዙ ነው። የምርቱን ጥራት የሚያውቀው በገዢው ፊት ላይ በሚያነበው ነገር እንጂ በራሱ ምላስ አይደለም።

ሰዓቷ የተቆጠረች ሸቀጥ

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ሽሚያው ከሰዓት ጋር ነው። ጫት በማለዳ ይቆረጣል፣ ይታሰራል፣ እንዳይጠወልግ በሙዝ ወይም በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል። ከ2 ቀን በኋላ ኃይሉም ዋጋውም ይወርዳል። እህል ጎተራ ገብቶ የተሻለ ዋጋ ይጠብቃል፤ ጫት ግን ጎተራ የለውም። ጎተራው ራሱ ተክሉ ነው።

መንገድ ሲዘጋ ጉዳቱ የሚከፋው ለዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። የቆረጠ ሰው መንገድ ከተዘጋበት ሸቀጡ በ2 ቀን ውስጥ ገራባ ይሆናል። ያልቆረጠው ደግሞ ቀንበጡ ማሳው ላይ እየጠነከረ ያየዋል።

ያልተቆጠሩት ቀናት

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ የማይገባው ቀን ነው። ለጋ ቀንበጥ ለሰው እንደሚጥመው ሁሉ ለተባይም ይጥመዋል። ስለዚህ ጫት መድኃኒት ይረጫል። እያንዳንዱ ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ ምርቱ እስኪቆረጥ ሊጠበቁ የሚገቡ ቀናት አሉት። ስንዴ ይወቀጣል፣ ይፈጫል፣ ይጋገራል፤ ጫት ግን ጥሬውን አፍ ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ይታኘካል። በአገሪቱ የተለያዩ አካባቢዎች በተሰበሰበ ጫት ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ለእርሻ እንዳይውል የተከለከለው የዲዲቲ ቅሪት ሳይቀር ተገኝቷል።

ትናንት የተረጨ ማሳ ዛሬ ጥሩ ዋጋ ቢመጣለት መጠበቅ ለገበሬውም ለነጋዴውም ኪሳራ ነው። የመቁረጥ ትርፉ የሁለቱ ሲሆን ጉዳቱ የሚደርሰው ከከተማ ሆኖ የተረጨበትን ቀን በማያውቀው ቃሚ ላይ ነው። ገዢው ለለጋነት ይከፍላል እንጂ ለተጠበቁት ቀናት የሚከፍል የለም። ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ በገበያ አይቀርብም።

የሌሎች ሰብሎችን ቀን ፀሐይና ዝናብ ይቆርጣሉ። የጫትን ቀን ግን ውሃ፣ ጥሬ ብርና መረጃ ያለው ሰው ይቆርጠዋል። ገበሬው ጉድጓዱን ቢያጠልቅና የከተማውን ዋጋ በጊዜው ቢያውቅ ቀኑን ከነጋዴው እጅ መልሶ ሊወስድ ይችላል። ከርጭቱ በኋላ ሊጠበቁ የሚገቡትን ቀናት ግን ገበያው በራሱ አይቆጥራቸውም፤ ቆጣሪ ያስፈልጋቸዋል።