የኮምፒውተርዎ ዋይፋይ እምቢ ሲል ወደ ጥገና ቤት ከመሄድዎ በፊት ምን ይፈትሻሉ?

የመስኖ ውኃ ማሳው ላይ አልደርስ ሲል አርሶ አደሩ ወዲያው ሞተሩን አይፈታም። መጀመሪያ ወንዙ ላይ ውኃ መኖሩን፣ ቀጥሎ ቱቦው አለመታጠፉንና አለመቀደዱን፣ በመጨረሻም ሞተሩን ይመለከታል። በቤት ኮምፒውተር ላይ ዋይፋይ ሲጠፋም ፍተሻው ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢይዝ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል።

ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም በወረቀት ብቻ ሳይሆን በበይነ መረብም መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ለተማሪው የመለማመጃ መሣሪያ ሆኗል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብና የነጋዴው ደብዳቤም በኮምፒውተር ይቀመጣል። የችግሩ ምንጭ በውል ሳይለይ ኮምፒውተሩ «ፎርማት» ከተደረገ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ሰነድና ፎቶግራፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የገመድ አልባ ኔትወርክ አዳፕተር ራውተሩ የሚያሰራጨውን የራዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያደርስ፣ የኮምፒውተሩንም መልስ ወደ ራውተሩ የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ተገጥሞ ይመጣል። ብዙ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ግን ስለማይኖራቸው ፍላሽ የሚመስል አዳፕተር በዩኤስቢ መሰኪያቸው ላይ ይሰካላቸዋል። መሣሪያው እንዲሠራ ድራይቨር የተባለ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ በስልክ ይፈትሹ

የስልክዎን የሞባይል ዳታ አጥፍተው ከዚያው ዋይፋይ ጋር ያገናኙት። ስልኩም ኢንተርኔት ካላገኘ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው መልሰው ይሰኩት። የአገልግሎት ክፍያው ጊዜ አለማለፉንም ያረጋግጡ። በዚህ ካልተፈታ አገልግሎት ሰጪውን ማነጋገር ይገባል። ስልኩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ እምቢ ካለ ግን ፍተሻው ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል።

የዋይፋዩ ስም ጨርሶ ካልታየ

በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የአውሮፕላን ወይም የአንቴና ሥዕል ያለበት ቁልፍ ሳይታወቅ ሲነካ ዋይፋዩ ይዘጋል። ቁልፉን መልሶ መጫን ይከፍተዋል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን «ሪስታርት» ያድርጉ። በዊንዶውስ 10 እና 11 «ሻት ዳውን» ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ማለት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሣ ሲባል የሥርዓቱ ከፊል ሁኔታ ተቀምጦ ሊቆይ ይችላል። «ሪስታርት» ግን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

አሁንም ካልታየ የ«ስታርት»ን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ይግቡና «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ይክፈቱ። በአዳፕተሩ ስም አጠገብ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለ መሣሪያው ተዘግቷል ማለት ነው፤ «ኢኔብል» በሚለው ይከፈታል። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የድራይቨሩ ነው። «አንኢንስቶል ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ድራይቨሩን ለመሰረዝ የሚጠይቀውን ሳጥን ግን አይንኩ። ከዚያ ሪስታርት ሲደረግ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

አዲስ ድራይቨር ማውረድ ካስፈለገ መውጫው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው በስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ሲያበሩ፣ ኮምፒውተሩ ያለ ዋይፋይ በስልኩ ዳታ ይጠቀማል። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ።

የጎረቤት ዋይፋይ እየታየ የራስዎ ብቻ ከጠፋ ደግሞ፣ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እያሰራጨ አዳፕተሩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚቀበል ሊሆን ይችላል። በራውተሩ ላይ የ2.4 ጊጋኸርዙን ሥርጭት ማብራት ይፈታዋል።

ስሙ እየታየ ካልተገናኘ ወይም ከተቆራረጠ

የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ የድሮውን እየሞከረ ይሰናከላል። በዋይፋዩ ስም ላይ «ፎርጌት» ብለው አዲሱን ያስገቡ። በዴስክቶፕ ጀርባ የተሰካ አዳፕተር የብረቱ ሣጥን ሞገዱን ስለሚጋርድበት ወደ ፊት ለፊቱ መሰኪያ ይዛወር፤ ወይም በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። ዩኤስቢ 3 የተባለው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ ሥራ ላይ ሲሆን የ2.4 ጊጋኸርዝን ሞገድ ሊረብሽ ስለሚችል ጥቁሩን መሞከርም ይጠቅማል።

ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ አዳፕተሩን በየመሐሉ ያጠፋውም ይሆናል። በ«ዲቫይስ ማኔጀር» የአዳፕተሩን ስም ሁለቴ ተጭነው «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ክፍል፣ ኃይል ለመቆጠብ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ።

ተገናኝቶ ድረ ገጽ ካልከፈተ

የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። ባንኮችና ሌሎች ጥንቃቄ የሚሹ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የአገልግሎት ዘመን ባለው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ማሰሻው የምስክር ወረቀቱን ተቀባይነት እንደሌለው ቆጥሮ ገጹን አይከፍትም። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሞላት አለበት። ተነቅሎ በተነሣ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ ዴስክቶፕ ደግሞ፣ በውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ መዳከሟን ያመለክታል፤ እሷን መቀየር ይበቃል።

አዲስ አዳፕተር መቼ ይገዛ?

በዩኤስቢ የሚሰካውን አዳፕተር በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። እዚያም ካልታየ መሣሪያው ራሱ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል፤ የሚቀየረውም እሱ ብቻ ነው። የላፕቶፕ የውስጥ አዳፕተር ሲበላሽም ላፕቶፑን ሳይፈቱ የዩኤስቢ አዳፕተር ገዝቶ መሰካት ይቻላል።

ኮምፒውተሩ ለጥገና መሰጠቱ የግድ ከሆነ ሰነዶችን አስቀድሞ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ የተፈተሸውንም ለባለሙያው መንገር ይገባል። መብራት ሲቆራረጥና መብረቅ ሲበዛ ራውተሩንና ኮምፒውተሩን ከሶኬት መንቀል ደግሞ ሁለቱንም ከጉዳት ይጠብቃል።