ያውቁ ኖሯል? ደወል ደዋዩ አስጨፋሪ ሆነ

እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣው «የኖትር ዳሙ ጎባጣ» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም፣ ከ40 ዓመት በኋላ የአንድ ወጣት አስጨፋሪ ታሪክ ተደርጎ በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንደቀረበ ያውቁ ኖሯል?

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በመስከረም 1923 ነው። ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያን የመንግሥታት ማኅበር አባል ያደረጉት በዚያው ወር ነበር።

በ1963 «ፍራክቸርድ ፍሊከርስ» የተባለውን የቀልድ ፕሮግራም የሠሩት እነ ጄይ ዋርድ ድሮ የተቀረጸውን ፊልም ቆራርጠው በሌላ ቅደም ተከተል ገጣጠሙት፤ ተዋንያኑ ያላሉትንም ነገር በሌሎች ድምፅ አስነገሩ። ሎን ቼኒ በከባድ ሜካፕና በሰው ሠራሽ ጉብታ ተውጦ የተጫወተው ምስኪኑ ደወል ደዋይ ኳዚሞዶ «ዲንኪ ደንስታን» የተባለ ወጣት አስጨፋሪ ሆኖ ቁጭ አለ። ቼኒ ወላጆቹ መስማት የተሳናቸው ነበሩና ያለ ድምፅ መግባባትን ከልጅነቱ ያውቅበታል፤ ለእንዲህ ያለ ሰው አፍ ማዋስ ትንሽ ድፍረት ሳይጠይቅ አይቀርም! ፕሮግራሙ 26 ክፍሎች ነበሩት።

ፌዙ ግን ከዚያ ይቀድማል። የፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም ገና በ1930ዎቹ፣ ፊልም አፉን በፈታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በድሮ ድምፅ አልባ ፊልሞች ላይ የፒት ስሚዝን የሽሙጥ ትረካ እየጨመረ «ጉፊ ሙቪስ» በሚል ርዕስ በየሲኒማ ቤቱ ያሳይ ነበር።