ጥናትና ሕግ በስደተኞች ኑሮ ላይ፤ የጎፋ መብራት ኃይል ሰፈር ምሳሌነት

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የጎፋ መብራት ኃይል ሰፈር አያሌ ኤርትራውያን ስደተኞች የሚኖሩበት ነው። እነዚህን ሰዎች ከሌላው ነዋሪ የሚለያቸው ቋንቋና የትውልድ አገር ብቻ አይደለም። የት እንደሚያድሩና ምን እንደሚሠሩ የሚወስነው የመንግሥት ሕግ ነው። ሕጉ በተለወጠ ጊዜ የምርምር ተቋሞች ድርሻ ነበራቸው፤ ድርሻቸውም እስከ ምን እንደሚደርስ ከዚህ በታች ይገለጻል።

አዋጅ ቍጥር 409/1996 የስደተኞችን መኖሪያ ቦታ የመወሰን ሥልጣን ለመንግሥት ሰጠ፤ በተግባርም አብዛኞቹ በመጠለያ ጣቢያ እንዲኖሩ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. ግን ለኤርትራውያን ከመጠለያ ውጭ የመኖር ፈቃድ ወጣ። ፈቃዱን የሚያገኘው ራሱን የሚያስተዳድር ወይም ዘመድ ዋስ የሆነለት ሰው ነበር። በአገሩ ልማድ የዝምድና ግዴታ የነበረው ዋስትና በዚህ ደንብ የመንግሥት አስተዳደር መሣሪያ ሆነ። ይሁን እንጂ መኖር ተፈቀደ እንጂ መሥራት አልተፈቀደም። ስለዚህ ኑሮው ከውጭ አገር ዘመድ በሚላክ ገንዘብ፣ ቤት በጋራ በመከራየትና ሕግ በማያውቀው ሥራ ላይ ቆመ።

በ2006 ዓ.ም. ሳሙኤል ሆል የተባለው የምርምር ድርጅት ለኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ባዘጋጀው ጥናት ይህንኑ ከመጠለያ ውጭ ያለ ኑሮ መረመረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን አሌክሳንደር ቤትስና ፖል ኮሊየር በዮርዳኖስ ያሉ የሶርያ ስደተኞች በኢንዱስትሪ ቀጣናዎች እንዲቀጠሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡም በ2008 ዓ.ም. በሎንዶን ጉባኤ የዮርዳኖስ ስምምነት ሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በኒው ዮርክ ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች ገባች። ከነዚህም አንዱ ከስደተኞች 10 በመቶ የሚሆኑት ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ የሚል ነበር። በዚያው ወራት በታወጀው ዕቅድ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠሩ 100,000 የሥራ ቦታዎች 30,000ው ለስደተኞች ተመደበ።

ሐሳቡ በቶሎ የተያዘው ጥናቱ ብቻውን አሳማኝ ስለ ነበረ አይደለም። መንግሥት የኢንዱስትሪ ፓርኮችን እየሠራ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ የአውሮፓ መንግሥታትም በሜዲትራኒያን ባሕር የሚሻገረው ሰው እንዲቀንስ ይሹ ነበር። የምርምር ተቋም ሥራ ለነዚህ ሁለት ፍላጎቶች አንድ የጋራ ቃልና አንድ ቍጥር መስጠት ነበር። ነገር ግን በቍጥር የማይገለጸው ነገር በመንገድ ይቀራል። የፋብሪካ ደመወዝ ለአንድ ሠራተኛ የተሰላ ነው፤ የጎፋው ኑሮ ግን በዘመድ፣ በዋስና በጋራ ኪራይ የተሳሰረ ነው።

አዋጅ ቍጥር 1110/2011 ስደተኞች ለውጭ አገር ሰዎች በሚሰጠው እጅግ የተሻለ አያያዝ መጠን እንዲሠሩ ፈቀደ። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. ኤርትራውያንን ሁሉ በጅምላ በስደተኛነት የመቀበሉ ሥርዓት ቆመ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የሽመልባና የሕፃጽ መጠለያዎች ሲወድሙ፣ አያሌ ስደተኞች ያለ ፈቃድ ወደ አዲስ አበባ መጡ። የተቀበላቸውም አስቀድሞ የነበረው የዘመድና የጎረቤት ትስስር ነው።

እንግዲህ የምርምር ተቋም የመንግሥትን በር የሚያስከፍተው መንግሥት ራሱ ሊከፍት ባሰበ ጊዜ ነው። በሩ በሚዘጋበት ጊዜ ሰውን የሚያኖረው ሥርዓት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማጥናት ግን ከማንም ይልቅ የኅብረተሰብ ተመራማሪዎች ተግባር ነው።