ከዳር የሚጀምር ሪፍ፦ ኤላትን በማስክና በስኖርክል

የኮራል ሪፍ ለማየት ጀልባ መከራየት፣ የአየር ሲሊንደር መሸከም ወይም ሩቅ ደሴት ድረስ መብረር ግድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በብዙ አገር ነገሩ እውነት ነው። በእስራኤል ደቡብ ጫፍ ባለችው ኤላት ላይ ግን ሪፉ የሚጀምረው ከባሕሩ ዳር ነው፤ ከመኪናው ወርዶ አሸዋውን የተሻገረ ሰው ጥቂት ሜትር ዋኝቶ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲነክር ይደርስበታል። ምክንያቱ የባሕረ ሰላጤው አፈጣጠር ነው። የቀይ ባሕር ክንድ የሆነው የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ምድር ተሰንጥቃ የከፈተችው ጠባብ ቦይ ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ1,800 ሜትር ያልፋል። ስንጥቁ ከሙት ባሕር ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን አቋርጦ፣ አፋር ላይ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ይገናኛል። የባሕሩ ወለል ከዳር ጀምሮ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ኮራል የሚፈልገውን ብርሃን የሚያገኘው ከባሕሩ ጠርዝ በማይርቅ ቀጭን ስፍራ ላይ ብቻ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ያለው የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ስፍራም ርዝመቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ከቤርሳቤህ እስከ ኤላት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከቴል አቪቭ ሲነሱ 350 ይጠጋል። በሚጽጴ ራሞን በኩል የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ቢሆንም እጅግ ያምራል። በሙት ባሕርና በአራባ በኩል ያለው 90 ቁጥር ደግሞ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ እንቅልፍ ይጥላል፤ ሁለት ሹፌር ያስፈልገዋል። ኪሱ ለሳሳ ተጓዥ ጉዞው የሚከብደው በማደሪያው ነው እንጂ በባሕሩ አይደለም። የኤላት ሆቴሎች በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ዋጋቸው ይሰቀላል። አራት ሰው ሆኖ ቤንዚኑን መካፈል፣ ዳቦ ቆሎና ዳቦ ከቤት መቋጠር፣ ድንኳን በተፈቀደበት ቦታ መትከል ወይም ከሌሊቱ ተነስቶ ደርሶ ማታ መመለስ ይቻላል። ኤላት ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ ተጨማሪ እሴት ታክስ የማይከፈልባት ከተማ ስለሆነች ታንኩን ለመልሱ እዚያው መሙላት ያዋጣል። ጥብቅ ስፍራው መግቢያ ያስከፍላል፤ ወደ ታባው የግብፅ ድንበር ሲጠጉ ክፍያ የሌላቸው የሕዝብ ዳርቻዎች አሉ፣ እነሱም ላይ ኮራል ይታያል። እኔ ግን መግቢያውን ክፈሉ እላለሁ፤ ከዳር ወደ ጥልቁ ውሃ የሚያስገቡ ድልድዮች ስላሉት ማንም ኮራሉን ሳይረግጥ ይገባል።

ገንዘብ ካጠረ ከሆቴሉ ይቀነስ እንጂ ከማስኩ አይቀነስ። የሰው ዓይን ጥርት አድርጎ እንዲያይ ከፊቱ አየር ይፈልጋል፤ ውሃ በቀጥታ ሲነካው ሁሉ ነገር ይደበዝዛል። ማስኩ ያንን አየር ከዓይን ፊት ይይዛል፤ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚሰበርም ዓሣው ከእውነተኛ መጠኑ በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ ቀርቦም ይታያል። ማስክ ሲገዛ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አስጠግቶ በአፍንጫ አየር መሳብ ነው፤ ሳይወድቅ ከተጣበቀ ልክ ነው። መስታወቱ ጉም እንዳይዝ ምራቅ ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃዋል።

ስኖርክሉ ከአፍ እስከ አየር የሚደርስ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለው ቱቦ ነው። ለምን ሁለት ሜትር አይሆንም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። አንድ ሜትር እንኳ ዝቅ ሲሉ የውሃው ክብደት ደረትን ስለሚጫን ሳንባ ከላይ አየር መሳብ ያቅተዋል፤ ረጅም ቱቦ ውስጥም የተነፈሱት የተቃጠለ አየር ሳይወጣ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ስኖርክል የሚያገለግለው ውሃው ላይ በሆዱ ተንሳፍፎ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ነው። ብዙዎቻችን የደጋ ሰው ወይም የደጋ ሰው ልጆች ነን፣ ባሕር ያስፈራናል። ደግነቱ የቀይ ባሕር ውሃ በኪሎ 40 ግራም ያህል ጨው ስላለው ከውቅያኖስ አማካይ (35 ግራም) ይልቅ ሰውን ያንሳፍፋል። ዋና ያልለመደ ሰው የሕይወት አድን ሰደርያ ለብሶ፣ ከሚዋኝ ሰው ጋር፣ ቀስ ብሎ ይልመድ። መጀመሪያ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ቆሞ በአፍ ብቻ መተንፈስን መለማመድ ፍርሃቱን በግማሽ ያወርደዋል።

ፊቱን ያጠለቀ ሰው የሚያየው ድንጋይ የሚመስለው ነገር እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ፣ ብዙዎቹ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ እንስሳት አንድ ላይ ሆነው ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጡ ቤታቸውን ይገነባሉ። አሮጌው ቤት ላይ አዲሱ ይገነባል፤ ሪፍ የሚባለው በሺህ ዓመታት የተከመረ የእነሱ ሥራ ነው። ክብና ጠጣር የሆኑት ኮራሎች በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ላያድጉ ይችላሉ፤ በአንድ ርግጫ የተሰበረ ቁራጭ የስንት ዓመት ልፋት እንደሆነ ከዚህ ማስላት ይቻላል። ፖሊፑ ሌሊት በሚናደፉ ትንንሽ ክንዶቹ ከውሃው ደቂቅ ፍጥረታትን ይይዛል። ዋናውን ምግቡን የሚያገኘው ግን ሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ነው፤ እነሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ያበጁለታል፣ እሱ መጠለያ ይሰጣቸዋል። ከኮራሉ ቀለም አብዛኛው የእነሱ ነው።

ባሕሩ ከለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ይህ ኑሮ ይፈርሳል። ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን ያስወጣል፣ ነጭ ይሆናል፣ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። የአውስትራሊያው ታላቁ ሪፍ በተደጋጋሚ የተጎዳው በዚህ ነው። የኤላት ኮራሎች ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ሲችሉ ታይተዋል። ተመራማሪው ማኦዝ ፋይን እና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ወደ እኛው አካባቢ ይወስደናል። በበረዶው ዘመን ባሕር ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ቀይ ባሕር ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት ባብ ኤል መንደብ ጠበበ፣ የባሕሩ ጨው በረታ፣ ኮራሉ አለቀ። ባሕሩ መልሶ ሲሞላ የኮራል እጮች ከሕንድ ውቅያኖስ በዚያ በር ገብተው፣ በኤርትራና በየመን መካከል ያለውን ሞቃት ውሃ አልፈው ወደ ሰሜን ወጡ። ሙቀቱን ያልቻለው መንገድ ላይ ቀረ። የቻለው ቀዝቀዝ ያለው ኤላት ደረሰ፤ ስለዚህ ዛሬ ከሚኖርበት ሙቀት በላይ የሚችል አቅም ይዟል ይላሉ።

ይህ ማለት ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። በ2023 በኤላት ረጅም እሾህ ያላቸው ጥቁር የባሕር ጃርቶች በበሽታ ረግፈዋል። ጃርቶቹ ኮራሉን የሚሸፍነውን ሣር መሰል ዋቅላሚ የሚግጡ ስለሆኑ መርገፋቸው ለሪፉ ትልቅ ጉዳት ነው። ፍሳሽ፣ ነዳጅና የሰው እግርም አሉ።

ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የቀይ ባሕር ሪፍ ሌላም ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ዓሩስ የተባለውን የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ ለአውሮፓ ቱሪስቶች የመጥለቂያ ማዕከል አድርጎ ከፍቶት ነበር። ቀን እውነተኛ እንግዶች ኮራል ይጎበኙበታል። ሌሊት ደግሞ ሱዳን ካሉ የስደተኛ ጣቢያዎች በጭነት መኪና የመጡ ወገኖቻችን በዚያው አካባቢ ካለ ዳርቻ በትንንሽ ጀልባ ተጭነው የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ወዳለበት ይወሰዱ ነበር። ያንን ሌሊት ያለፉ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ቀይ ባሕርን የሚያስታውሱት በጨለማው ነው። በቀን ብርሃን ከሥሩ ያለውን ማየት ይገባቸዋል።

ኤላት ላይ የሚጠብቃቸው ብዙ ነው። በቀቀን ዓሣ በጠንካራ መንጋጋው ኮራል ሲፍቅ ድምፁ ውሃ ውስጥ ይሰማል፤ የፈጨውን ኖራ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለው ብርቱካናማ ዓሣ አኒሞን በሚባል የባሕር እንስሳ ክንዶች መካከል ተደብቆ ቤቱን ይጠብቃል። ክንፉን እንደ ማራገቢያ የዘረጋው አንበሳ ዓሣ መርዛም ነው። ድንጋይ ዓሣ የባሰ ነው፤ ወለል ላይ ተኝቶ ከድንጋይ አይለይም። እሳት ኮራል የነካውን ቆዳ ያቃጥላል። የሁሉም መድኃኒት አንድ ነው፦ ምንም አለመንካት፣ ወለሉ ላይ አለመቆም። ለፀሐዩ በቅባት ፈንታ እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ መልበስ ይሻላል፤ ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበት የፀሐይ ቅባት እንዳይሸጥ በ2018 በሕግ የከለከለችው ለኮራል ብላ ነው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲልና ኅዳር ሲገባ ሂዱ፤ የበዓሉ ግርግር ያልፋል፣ ውሃው ግን የበጋ ሙቀቱን ገና አይጥልም። ዋና የማያውቀውን ልጅ ከጉዞው በፊት በመዋኛ ገንዳ አስለምዱት፣ አያቱንም ዳር ላይ ትታችሁ አትግቡ፤ ሰደርያ አልብሷቸውና በድልድዩ ይዛችኋቸው ግቡ።