ከናፍጣው ሥር የተኛው ውሃ፦ በእርሻ ላይ ስለሚከማች ነዳጅ የሚባለውና እውነታው

በመተማና በሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች፣ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ትራክተርና ኮምባይነር የሚያሠራ አምራች ከነዳጅ ማደያ ርቆ ስለሚውል ናፍጣን በባለ 200 ሊትር በርሜል ወይም በግቢው በተተከለ ታንከር አስቀምጦ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መጠቀም ግድ ይሆንበታል። ነዳጁ በዚህ ቆይታው ስለሚደርስበት ብልሽት በየጋራዡና በየእርሻው የሚነገሩት ነገሮች አብዛኞቹ ከሥራቸው ሐሰት አይደሉም፤ ችግራቸው ዓይንን ወደ ናፍጣው አዙረው ከማጠራቀሚያው ወለል ላይ የተኛውን ውሃ ማስረሳታቸው ነው።

ከበርሜል ሥር የሚገኘውና ፊልትሮ የሚደፍነው ጥቁር ዝልግልግ ነገር እንደ ጠላ አተላ አብሮ የመጣ ዝቃጭ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ከፊሉ በእርግጥ አቧራና ዝገት፣ ከፊሉም ናፍጣው ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ሙጫ ነው። እንደ ወተት ስልባቦት በቁራጭ በቁራጩ የሚነሳውና በጣት ሲያሹት የሚያሟልጨው ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች፣ በተለይም ሆርሞኮኒስ ሬዚኔ የተባለው ሻጋታ፣ ተደራርበው የሠሩት ምንጣፍ ነው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ምግባቸውን ከናፍጣው ቢያገኙም መኖሪያቸው ውሃው በመሆኑ የሚራቡት ሁለቱ በሚገናኙበት ስስ ድንበር ላይ ሲሆን፣ ለዚህም ጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከበቂ በላይ ነው። ከእነሱ የሚወጣው አሲድ የታንከሩን ወለል ከውስጥ ይበላል፤ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ በውሃው ውስጥ ከሟሟው ሰልፌት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለውንና የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። በውጭ አገር ይህን ዝልግልግ «አልጌ» ማለት የተለመደ ነው፤ ሆኖም አልጌ፣ ማለትም በኩሬ ላይ የሚታየው አረንጓዴ፣ ያለ ብርሃን የማያድግ ስለሆነ በጨለማ ታንከር ውስጥ ቦታ የለውም።

ውሃው ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ «ግማሽ ባዶ የሆነ ታንከር ሌሊት ያልበዋል» የሚል ሲሆን፣ ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ ትንሽ ስሌት ይጠይቃል። በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በእርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 30 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ ይይዛል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሊይዝ የሚችለው 9 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ የቀረው በግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። 1,000 ሊትር ባዶ ቦታ ያለው ታንከር በሌሊት ቅዝቃዜ ከውጭ የሚስበው አዲስ አየር ደግሞ የዚያን ቦታ 7 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ በአንድ ሌሊት የሚጨመርለት እርጥበት ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህ በወራት ሲጠራቀም ለሻጋታው ይበቃል፤ ከበርሜል ሥር በሊትር የሚቀዳውን ውሃ ግን ሊያስረዳ አይችልም። ያ ውሃ በአብዛኛው የሚገባው በክዳኑ ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያድር በርሜል አናቱ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስላለውና ጠርዙም ከፍ ስለሚል እንደ ትሪ ሆኖ ያገለግላል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ያቁርበታል። ቀን በፀሐይ የጋለው በርሜል በዝናቡ ወይም በሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየርና ናፍጣ ይኮማተርና ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ የታቆረውን ውሃ በክዳኑ ጥርስ መካከል ይስበዋል፤ ክዳኑ በእጅ ሲፈተሽ የጠበቀ መምሰሉም ብዙ አያድንም። ስለሆነም ያልተከፈተ በርሜል ሁለቱ ክዳኖቹ ጎን ለጎን በአንድ ከፍታ እንዲውሉ ተደርጎ ይጋደማል፤ የተከፈተው ደግሞ ከሥሩ በአንድ በኩል እንጨት ወይም ድንጋይ ገብቶለት ዝናቡ ክዳን ወደሌለበት ጠርዝ እንዲወርድ ዘንበል ይደረጋል። ምንም ወጪ የሌለው ይህ ጥንቃቄ በጠርሙስ ከሚሸጡት ናፍጣ ላይ የሚጨመሩ ፈሳሾች ከአብዛኞቹ ይበልጣል።

ዚንክ የተለበጠ ብረት ስለማይዝግ ለናፍጣ ተመራጭ ነው የሚባለውም ስሕተት ነው፤ በናፍጣው ውስጥ የሚፈጠሩት አሲዶች ከዚንኩ ጋር ተዋህደው ፊልትሮ የሚደፍን ሳሙና መሰል ነገር ስለሚሠሩ ተራ ብረት ይሻላል። «ናፍጣ አይበላሽም» ለሚለው ደግሞ፣ በ20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በንጽሕና የተቀመጠ ናፍጣ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ግን ዕድሜው ከ6 እስከ 12 ወር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ለዚህ ችግር ከሚሞከሩት መድኃኒቶች ሁሉ አደገኛው ውሃውን ያጠፋል በሚል ቤንዚን ወይም አልኮል መጨመር ነው። ቤንዚን ከውሃ ጋር ስለማይቀላቀል ውሃውን አይነካውም፤ የሚለውጠው የናፍጣውን የመቀጣጠያ ደረጃ፣ ማለትም ከፈሳሹ የሚወጣው ተን በእሳት ሊያያዝ የሚችልበትን ዝቅተኛ ሙቀት ነው። ይህ ደረጃ ለናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሆን ለቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ጥቂት ቤንዚን የገባበት በርሜል የቆላ ፀሐይ ላይ ሲውል እንደ ናፍጣ ሊያዝ አይገባም። አልኮል በበኩሉ ውሃውን ወደ ራሱ ቢስብም ከታንከሩ አያወጣውም፤ ናፍጣው ለፖምፓውና ለኢንጄክተሩ የሚሰጠውን ማለስለሻም ያሳሳል። በረኪና መጨመርም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ በረኪና ራሱ ውሃ ሲሆን ብረትም ይበላል። ተሕዋስያኑን ለመግደል የተሠሩ ኬሚካሎች በእርግጥ አሉ፣ ይሠራሉም፤ ይሁን እንጂ ውሃው ሳይወጣ ከተጨመሩ የሞተው ምንጣፍ ተበጣጥሶ ወደ ፊልትሮ ስለሚሄድ፣ ውሃው እንዳለ እስከቆየም ሻጋታው ተመልሶ ስለሚያድግ፣ ተራቸው ከማጽዳት በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

«ጥርት ያለ ናፍጣ ንጹሕ ነው» የሚለው እምነት ቀድሞ ለነበሩት ትራክተሮች ያን ያህል ጉዳት አላመጣም ይሆናል። አሁን በሚገቡ ዘመናዊ ትራክተሮች ላይ ባለውና ኮመን ሬይል በተባለው አሠራር፣ ማለትም ናፍጣውን ከ1,500 ባር በሚበልጥ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ለሁሉም ኢንጄክተሮች በሚያድለው ሥርዓት፣ በተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ሲሆን፣ ሰው በዓይኑ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ነገር 40 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ኢንጄክተሩን የሚፍቀው ደቃቅ አይታይም። ውሃ ግን ይታያል፤ ከታንከሩ ወለል በንጹሕ ነጭ ብርጭቆ የተቀዳ ናሙና ጥቂት ሲቀመጥ ውሃው ከሥር ይለያል፣ ናፍጣው ደመና መስሎ ከቀረም ገና ያልዘቀጠ ውሃ አለበት። ናሙናው ከላይ ከተቀዳ ምንም አይናገርም፤ ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ታንከሩ ወደ ማፍሰሻው በጥቂቱ ያዘነበለ፣ የናፍጣ መውጫውም ከወለሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ከፍ ያለ መሆን ይገባዋል፤ አዲስ ነዳጅ ከተገለበጠ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይሰጠውና ማፍሰሻው ተከፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ የተጠራቀመው ይቀዳል። የተቀዳው ውሃ ናፍጣ ስላለበት በማሳ ወይም በጉድጓድ ውሃ አጠገብ አይደፋም። ዝቃጩ ጠንክሮ ማፍሰሻውን የደፈነው ታንከር በረጅም ቱቦ ከውጭ ሆኖ ይመጠጣል እንጂ ሰው ገብቶ አይጠርገውም፤ በዚያ ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅን ሊጎድለው፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ የተበላሸ እንቁላል ሽታ መጥፋቱ የደኅንነት ምልክት አይደለም።