ኪስ ሳይጎዳ አእምሮን መጠበቅ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የቤት ኪራይ መክፈያው ሊደርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይከተላል። ጤፉም እያለቀ ነው። በግራ ቢገላበጡ፣ በቀኝ ቢገላበጡ እንቅልፍ የለም፤ ተመልሶ የሚመጣው ያው ስሌት ነው። ሲነጋ ግን «እንዴት አደርክ?» ለሚለው ጎረቤት የሚሰጠው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል ነው። የቀረው «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይታለፋል።

ይህ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የአእምሮ ጤና ሲነሳ ደግሞ ቶሎ የሚታሰበን ወይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው፤ ወይ ገንዘብ ላለው ብቻ የሚሆን ሽርሽርና መዝናኛ። «ለወር አስቤዛ የተጨነቀ ሰው ስለ አእምሮ ጤና ምን ጊዜ አለው?» የሚሉም አሉ። እውነታው ግን በተቃራኒው ነው። አእምሮ ይበልጥ የሚፈተነው ኪስ ሲሳሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በነበረው መረጃ መሠረት በዓለም ከስምንት ሰዎች አንዱ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ይኖር እንደነበር ገልጿል። ድህነት ለዚህ ችግር ያጋልጣል፤ ችግሩም በፊናው የመሥራት አቅምን ቀንሶ ድህነትን ያባብሳል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግለጽ። ከዚህ በታች የምናነሳቸው ልማዶች ዕዳ አይከፍሉም፤ ኪራይም አይቀንሱም። ጥቅማቸው ችግሩን የሚጋፈጠው ሰው አቅሙና ማስተዋሉ ተሟጦ እንዳያልቅ ማገዝ ነው። አብዛኞቹ ምንም ወጪ አይጠይቁም፤ እንዲያውም ወጪ የሚቀንሱም አሉባቸው።

የእንቅልፍ ጉዳይ ከቡና ሰዓት ይጀምራል

እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ቶሎ ይቆጣል፤ ትንሹ ችግር ትልቅ ሆኖ ይታየዋል፤ ጭንቀቱም ይበረታል። ጭንቀቱ ደግሞ መልሶ እንቅልፍ ይነሳዋል። ይህን ዑደት ለመስበር የሚጀመረው ማታ አልጋ ላይ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ነው።

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን እንደየሰዉ ቢለያይም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ይህ ማለት ከሥራ መልስ በ11 ሰዓት ከተጠጣው ቡና ውስጥ ግማሽ ያህሉ ማታ አራት ሰዓት ላይም ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። በእርግዝና ወቅት ደግሞ ከዚህም በላይ ይቆያል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ወደ ጠዋት ወይም ወደ ቀትር ቢያመጣ፣ ከሰዓት በኋላ ለጨዋታው ተቀምጦ ስኒውን ቢቀንስ ከቡናው ወግ የሚቀርበት ነገር አይኖርም።

ጫትና መጠጥ ግን ከዚህ የከበዱ ናቸው። ጫት በምርቃናው ሰዓት ሐሳብን ያቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፍን ይነሳል፤ ምርቃናው ሲወርድም ድብርትና መነጫነጭ ይከተላል። ያንን ለመስበር ወደ ጨብሲ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ወጪ አወጣ ማለት ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን እንቅልፍ ግን ይቆራርጠዋል። ጭንቀትን ለመርሳት ሲባል የሚወጣው ገንዘብ ለጭንቀቱ ሌላ ምክንያት ይሆናል።

ሌላው ቀላል ልማድ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ነው። ሌሊት የተበላሸ እንቅልፍን በቀን ረጅም ሰዓት ተኝቶ ማካካስ የሚቀጥለውን ሌሊት ያበላሻል። ስልክንም ከአልጋ አጠገብ ማራቅ ይጠቅማል።

ሐሳብን ወደ ወረቀት ማውረድ

ማታ ሐሳብ የሚደጋገመው አእምሮ «እንዳልረሳው» ብሎ ስለሚይዘው ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ የአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን ያሳያል። ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ገሚሶቹ በቀጣዮቹ ቀናት ሊሠሩ ያሰቡትን፣ ገሚሶቹ ደግሞ የፈጸሙትን ጻፉ። ሊሠሩ ያሰቡትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከልጆች ደብተር አንድ ገጽ ነው። ገጹን ለሁለት መክፈል ይቻላል። በአንድ ወገን ነገ አንድ እርምጃ ሊወሰድበት የሚችለው ጉዳይ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «አከራዩን አሥር ቀን እንዲታገሡኝ መጠየቅ»። በሌላው ወገን ዛሬ ምንም ሊደረግለት የማይችለው ይሰፍራል። በሌሊት ሐሳቡ ሲመለስ «ጽፌዋለሁ፤ ሰዓቱ ነገ ነው» ማለት ይቀላል። መጻፍ የማይችል ሰውም ለሚያምነው ሰው ነግሮ ሊያስጽፍ ይችላል።

ጭንቀቱ ልብ ሲያስመታ ደግሞ ትንፋሽን ማዘግየት ይረዳል። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ይህንንም ለአምስት ደቂቃ መደጋገም። የማስወጫው ጊዜ ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል፤ ሰውነትም የመረጋጋት ምልክት ያገኛል።

አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ

የአካል እንቅስቃሴ የድብርትና የጭንቀት ምልክቶችን እንደሚቀንስ በበርካታ ጥናቶች ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ሲከፋፈል በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ለዚህ ጂም መመዝገብ አያስፈልግም። ታክሲ ውስጥ አንድ ፌርማታ ቀድሞ «ወራጅ አለ» ማለት ይበቃል። በጠዋት ብርሃን ሲሆን ደግሞ ለእንቅልፍም ይጠቅማል፤ የጠዋት ብርሃን ሰውነት ቀኑንና ሌሊቱን እንዲለይ ይረዳልና።

ድብርት የተጫነው ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ደስታው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተንቀሳቀሱ በኋላ ነው። ስለዚህ አሥር ደቂቃም ቢሆን መጀመር ይሻላል።

ከሐራሬ አያቶች የሚገኝ ትምህርት

ዚምባብዌያውያን በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉት ችግር አላቸው፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥኖ ሥራ አስጀመረ። እነዚህ እናቶች በጤና ተቋም ግቢ ዛፍ ሥር በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን ያዳምጣሉ። ካዳመጡ በኋላ ሰውየው ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ፣ ለእርሱም ሊሠራ የሚችል ትንሽ እርምጃ ራሱ እንዲያገኝ ያግዙታል። በሌላ ቀን ተገናኝተው ምን እንደደረሰ ይጠይቁታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው በዚህ ድጋፍ ካለፉት መካከል 14 በመቶ ገደማ፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት መካከል ግን 50 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አሳይቷል።

እኛ አግዳሚ ወንበር መግዛት እንኳ አያስፈልገን ይሆናል። የቡናው ረከቦት አለ፤ ዕድሩ፣ ማኅበሩና ዕቁቡ አለ። የሚጎድለን ማዳመጡ ነው። የተቸገረ ሰው ሲናገር «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ ቶሎ መዝጋት ይቀናናል። በዚያ ፋንታ «ከሁሉ የከበደህ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ሳያቋርጡ መስማት፣ የሰሙትን ለሌላ አለማውራት፣ በሳምንቱም «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ማለት ይቻላል። ሚስጥር የማይጠበቅበት ቡና ላይ ማንም ሆዱን አይከፍትም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው አባባል ሥራ ላይ የሚውለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ልማድ ብቻውን የማይበቃው መቼ ነው?

የከፋ ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራ መሥራት ወይም ልጆችን መንከባከብ ካቃተ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም አገልግሎቱ ወዳለባቸው ሌሎች ሆስፒታሎች ይላካል። ጠበል የሚጠመቅ ወይም በእምነቱ ጸሎት የሚደረግለት ሰው ለዚያ ሲል የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

አንድ ሰው «መኖር አልፈልግም» ካለ ለቀልድ ወይም ለማስፈራራት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ማራቅ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ አብሮ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጀመር አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት ከተጠቀሱት አንዱን ብቻ መርጠው ይሞክሩ። የትኛውን እንደሚመርጡ ካላወቁም ከጎረቤት ይጀምሩ፤ «እንዴት አደርክ?» ብለው ከጠየቁ በኋላ «ደህና ነኝ» ቢልዎትም ትንሽ ቆም ብለው «በእውነት፣ እንዴት ነህ?» ብለው ይድገሙት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ያን ጥያቄ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ሊሆን ይችላል።