«ቀጭ» ብላ የምትቀር መኪና

ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሳች አሮጌ ኮሮላ ከሰዓት «ቀጭ» ብላ ዝም ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ብዙ ሰው ወዲያው ባትሪ ይገዛል። አይቸኩሉ።

መጀመሪያ ድምፁን ይስሙ። ቀጭቀጭቀጭ እያለ ከተደጋገመና የዳሽቦርዱ መብራት ከደከመ፣ የሚጠረጠረው ባትሪው ወይም የላላ ተርሚናል ነው። ቻርጅ የሞላ ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ያስፈትሹ።

አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብቻ ተሰምቶ መብራቱ ካልደከመ ግን ወደ ሞተሪኖው ይሂዱ። በአሮጌ ቶዮታዎች ሞተሪኖ ውስጥ ያሉት የመዳብ ኮንታክቶች ሲበሉ አንዴ ይገናኛሉ፣ አንዴ እምቢ ይላሉ። ጣጣው ይኼ ነው፤ ጋራዥ ሲደርሱ ደህና ሆና ታሳፍርዎታለች! ስለዚህ እምቢ ባለችበት ሰዓት ይለካ፦ ቁልፉ ተይዞ በሞተሩ ብረትና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ ጥፋቱ ማሳው (የኔጌቲቩ መስመር) ላይ ነው።

ድምፅ ጭራሽ ከሌለና አውቶማቲክ ከሆነች፣ ፍሬን ረግጠው ኒውትራል ላይ ይሞክሯት።

ሞተሪኖው ሙሉ በሙሉ ይቀየር ከተባሉ አስቀድመው ኮንታክቶቹን ያስፈትሹ፤ በአብዛኛው ለብቻቸው ይቀየራሉ።